በካንሰር ሕሙማንና በሥቃይ ማስታገሻ መካከል የቆሙ መሰናክሎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ካንሰር ዛሬ በአገራችን ብዙ ቤተሰብ በቅርብ የሚያውቀው ደዌ ሆኗል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በኢትዮጵያ ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ በካንሰር ተይዘዋል፤ በዚያው ዓመት በደዌው ያረፉትም ከ51 ሺህ በላይ ናቸው። ብዙዎቹ ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት ደዌው ከተስፋፋ በኋላ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ደግሞ ካንሰር በሰውነታቸው ከተሠራጨባቸው ሦስት ሰዎች ሁለቱ ሥቃይ እንዳለባቸው ያስረዳሉ። ስለዚህ ስለ ካንሰር ስንነጋገር ስለ ደዌው መዳን ወይም አለመዳን ብቻ ሳይሆን ስለ ሥቃዩም መነጋገር ይገባናል።

ይህን ሥቃይ በአብዛኛው ማስታገስ ይቻላል። መድኃኒቱ ከታወቀ ረጅም ዘመን ሆኖታል፤ ዋጋውም ከሌላው የካንሰር ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ሆኖም በየቤቱና በየሆስፒታሉ ሲያቃስቱ የሚያድሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። በመድኃኒቱና በሕመምተኛው መካከል ምን ቆመ? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ እንመለከታለን። ከመሰናክሎቹ አንዳንዶቹ በሕግና በአቅርቦት በኩል ያሉ ናቸው፤ እነርሱን ለማንሣት ጊዜና ሥልጣን ይጠይቃል። ሌሎቹ ግን በቤታችን፣ በአንደበታችን፣ አንዳንድ ጊዜም እምነታችንን በተረዳንበት መንገድ ውስጥ ያሉ ናቸው። እነዚህን ለማንሣት ከእኛ በቀር የምንጠብቀው ሌላ አካል የለም።

ሥቃይ እንዴት ይታከማል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 የካንሰርን ሥቃይ ስለ ማስታገስ አንድ መመሪያ አወጣ። መመሪያው ሕክምናውን ሦስት ደረጃ ባለው መሰላል መሰለው። ለቀላል ሕመም እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች፣ ለመካከለኛው እንደ ኮዴይንና ትራማዶል ያሉ፣ ለብርቱው ደግሞ ሞርፊን ይሰጣል። ድርጅቱ መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያሻሽል መሰላሉ ለትምህርት የሚረዳ ምሳሌ እንጂ የግድ ከታች ተጀምሮ የሚወጣ አለመሆኑን ገልጧል፤ ሥቃዩ ከመጀመሪያው ብርቱ ከሆነ በብርቱው መድኃኒት መጀመር ይቻላል። ነርቭ ተነክቶ የሚያቃጥል ወይም እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ሲኖር ሌሎች ደጋፊ መድኃኒቶች ይጨመራሉ። ካንሰሩ ወደ አጥንት የደረሰ እንደሆነም የጨረር ሕክምና ሥቃዩን ያቀልላል።

ከመድኃኒቶቹ ስም ይልቅ አስታማሚ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው የአሰጣጡ ሥርዐት ነው። የመጀመሪያው፣ በሽተኛው መዋጥ እስከቻለ ድረስ መድኃኒቱ በአፍ ይሰጣል። ሁለተኛው፣ በሰዓቱ ይሰጣል። በፈሳሽ የሚወሰደው ሞርፊን ኃይሉ የሚቆየው አራት ሰዓት ያህል ስለሆነ ሐኪሙ በየአራት ሰዓቱ እንዲወሰድ ያዝዛል። ሥቃዩ እስኪመለስ ከጠበቅን ሕመምተኛው ቀኑን ሙሉ ሥቃይን ሲያባርር ይውላል፤ በሰዓቱ ከተሰጠ ግን ሥቃዩ ሳይነሣ ይቀድመዋል። ሦስተኛው፣ መጠኑ ለእያንዳንዱ ሰው ይለያያል። ለአንዱ የበቃው ለሌላው ላይበቃ ስለሚችል ሐኪሙ ከጥቂት ጀምሮ እያየ ይጨምራል። ይህን ለማድረግ ግን ከሕመምተኛው አንደበት መስማት አለበት፤ ሥቃይን በደም ምርመራ ወይም በራጅ መለካት አይቻልምና።

በአቅርቦትና በሕግ በኩል ያሉ መሰናክሎች

ስለ ማስታገሻ ሕክምና የተቋቋመ አንድ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ጉባኤ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2017 ሰፊ ጥናት አውጥቶ ነበር። ጥናቱ እንዳሳየው በየዓመቱ ከ61 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከደዌ በሚመጣ ብርቱ ሥቃይ ውስጥ ያልፋሉ። በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው ወደ 300 ቶን የሚጠጋ ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች ሁሉ በአንድነት የሚደርሰው 100 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህን ያህል ልዩነት የፈጠረው የመድኃኒቱ መወደድ አይደለም። ሞርፊን የባለቤትነት መብት የሌለበት፣ በርካሽ ሊዘጋጅ የሚችል መድኃኒት ነው።

አንዱ ምክንያት ቁጥጥሩ ነው። ሞርፊን አላግባብ ከተወሰደ ሱስ ሊያስይዝ ስለሚችል እ.ኤ.አ. በ1961 በጸደቀው የአደንዛዥ መድኃኒቶች ስምምነት ሥር ይተዳደራል። ስምምነቱ እነዚህ መድኃኒቶች ሥቃይን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውንና ለሕሙማን መቅረብ እንዳለባቸው በመግቢያው ያውጃል። በተግባር ግን አገሮች መከልከሉን ሲያጠብቁ ማቅረቡን ዘነጉት። እያንዳንዱ አገር በዓመት የሚያስፈልገውን መጠን አስቀድሞ ገምቶ ለዓለም አቀፉ ተቆጣጣሪ ቦርድ ያሳውቃል። ግምቱ ያለፈውን ዓመት ፍጆታ ብቻ ሲከተል፣ ትናንት መድኃኒቱ ስላልነበረ ጥቂት ተወሰደ፤ ጥቂት ስለተወሰደም ለነገ ጥቂት ይጠየቃል። የሕሙማኑ ቁጥር በሒሳቡ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል።

በአገራችንም ሞርፊን የሚታዘዘው በልዩ የማዘዣ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የሌለው ሐኪም ማዘዝ አይችልም፤ መድኃኒቱን የማይይዝ ፋርማሲም መስጠት አይችልም። አገልግሎቱ በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ባሉ ሆስፒታሎች የተወሰነ በመሆኑ ከገጠር የመጣ በሽተኛ ወደ ቀዬው ሲመለስ ማስታገሻው ከኋላው ይቀራል። የጨረር ሕክምናም ለረጅም ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ የቆየ ነው፤ በሌሎች ከተሞች መጀመሩ የቅርብ ጊዜ ነው።

መሰናክሉ ሊነሣ እንደሚችል ዑጋንዳ ታሳየናለች። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ1993 ከተጀመረ የማስታገሻ ሕክምና አገልግሎት ተነሥተው ፈሳሽ ሞርፊንን ከዱቄት በአገር ውስጥ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ በሙያው ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ሕጉ ተሻሻለ። ሐኪም በሌለበት መንደር ያለ ሕመምተኛም ማስታገሻ የሚያገኝበት መንገድ ተከፈተ። በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕሙማንን በቤታቸው እየጎበኘ ሲረዳ ቆይቷል። ጅምሩ አለ፤ ነገር ግን ከሚያስፈልገው ጋር ሲተያይ ገና ጥቂት ነው።

ፍርሃት የሠራው መሰናክል

መድኃኒቱ እጃችን ከገባ በኋላም እንዳይወሰድ የሚያደርገው ፍርሃት ነው። በመጀመሪያ የሚነሣው የሱስ ፍርሃት ነው። ሱስ ማለት ሰው ለሥቃዩ ሳይሆን ለስሜቱ ብሎ፣ እየጎዳውም እያወቀ፣ መድኃኒቱን መፈለጉን ማቆም ሲያቅተው ነው። በካንሰር ምክንያት ብርቱ ሥቃይ ኖሮበት በሐኪም ክትትል ሞርፊን በሚወስድ ሰው ላይ ይህ የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱና ጊዜው ሲረዝም መጠኑ መጨመሩ ሱስ አይባልም። የለመደ ሰውነት ግን በድንገት ሲከለከል ስለሚታወክ መድኃኒቱን ማቆም ሲያስፈልግ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት።

ሁለተኛው “ሞርፊን ከታዘዘ አበቃለት ማለት ነው” የሚለው ፍርሃት ነው። ሞርፊን የሚታዘዘው ለሥቃዩ ብርታት እንጂ ለቀረው ዕድሜ አይደለም፤ ሕክምናቸውን እየተከታተሉ ለወራትና ለዓመታት የሚወስዱት አሉ። ሞት ያፋጥናል የሚለውም እንዲሁ ነው። በተገቢው መጠን ተጀምሮ በጥንቃቄ የሚጨመር ሞርፊን ሕይወትን አያሳጥርም። ይልቁንም ሥቃዩ ሲቀልለት ሕመምተኛው ይተኛል፣ ይመገባል፣ ከልጆቹ ጋር ይነጋገራል፣ ለመጸለይም ልቡ ይሰበሰባል።

ሦስተኛው የጎንዮሽ ጉዳት ፍርሃት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማብዛት ይታያል፤ ብዙ ጊዜም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳል። የማይቀንሰው የሆድ ድርቀት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከሞርፊን ጋር የሆድ ማለስለሻ አብሮ እንዲያዝዝ መጠየቅ ይገባል። ብዙ ሰዎች መድኃኒቱን የሚተዉት ማለስለሻ ቀላል መፍትሔ መሆኑን የሚነግራቸው በማጣት ነው። ጥንቃቄውም አይዘንጋ፤ መድኃኒቱ ልጆች በማይደርሱበት፣ ተቆልፎ በሚቀመጥ ቦታ ይሁን፤ ለሌላ ሰው አይሰጥ፤ ከአረቄም ሆነ ከሌላ አስካሪ መጠጥ ጋር አይወሰድ። ሕመምተኛው ከመጠን በላይ ካንቀላፋ፣ ሲጠሩት ካልነቃ ወይም አተነፋፈሱ ከዘገየ በፍጥነት ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ዝምታ የሠራው መሰናክል

ባህላችን “ቻለው” ብሎ ያሳድገናል። እናቶቻችን ልጆቻቸው እንዳይጨነቁ ሕመማቸውን ይደብቃሉ፤ አባቶቻችን ማቃሰትን እንደ ሽንፈት ያዩታል። ሐኪም ዘንድ ቀርበው “እንዴት ነዎት?” ሲባሉ “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ” ይላሉ። ምስጋናው መልካም ነው፤ ሐኪሙ ግን ሥቃይ እንደሌለ ጽፎ ያልፋል። እግዚአብሔርን እያመሰገኑ “ሌሊት አላስተኛኝም” ማለት ይቻላል። ጻድቁ ኢዮብ ከትዕግሥቱ የተነሣ ምሳሌ የሆነልን ሥቃዩን ስለ ደበቀ አይደለም፤ መከራውን በግልጥ ተናግሯል፣ ሌሊቱ እንደረዘመበት ለወዳጆቹ አስረድቷል (ኢዮ. 7፥3-5)። ታጋሽ መባሉን ግን ይህ አላስቀረበትም።

ሌላው ዝምታ የቤተሰብ ነው። በአገራችን ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ሐኪሙን ለምኖ የደዌውን ስም ከሕመምተኛው ይሰውራል። የሚደረገው ከፍቅር የተነሣ ቢሆንም ምን እንደያዘው የማያውቅ ሰው ብርቱ መድኃኒት ለምን እንደሚሰጠው አይገባውም፤ ይጠራጠራል፣ ይተወዋል። ለንስሐ፣ ለኑዛዜና ከወገን ጋር ለመታረቅ የሚያስፈልገውንም ጊዜ እንነጥቀዋለን። ሊያውቅ የሚፈልግን ሰው ሐኪምና የንስሐ አባት ባሉበት፣ በለዘበ አንደበት እውነቱን ማስረዳት ከመደበቅ ይሻላል።

ከእምነታችን ጋር ተያይዘው የሚነሡ ጥያቄዎች

አንዳንድ ምእመናን ሥቃይን በመድኃኒት ማስታገስ ከመስቀል መሸሽ ይመስላቸዋል። ጌታችን በጎልጎታ ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን ሲሰጡት አለመቀበሉንም ያነሣሉ (ማር. 15፥23)። እርሱ ግን ስለ እኛ መዳን በፈቃዱ የተቀበለውን መከራ በሕሙማን ላይ ሕግ አድርጎ አልጫነባቸውም። በምድር በተመላለሰበት ዘመን የሚሠቃዩትን ሁሉ ሲያሳርፍ እንጂ “ታገሡ” ብሎ ሲያልፋቸው አናይም። ወንበዴዎች ያቆሰሉትን ሰው ያነሣው ሳምራዊም በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት፤ ጌታችንም ምሳሌውን ሲፈጽም እኛም እንዲሁ እንድናደርግ አዝዞናል (ሉቃ. 10፥30-37)።

የቅዱሳን ተጋድሎም ከዚህ ጋር መቀላቀል የለበትም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩት ወደውና ፈቅደው፣ በጸጋ ተደግፈው ነው። ካንሰር ግን ሕመምተኛው የመረጠው ገድል አይደለም። ደዌን በምስጋና መቀበል ዋጋ አለው፤ ይህን ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች። ሆኖም ትዕግሥት የሚመሰገነው ማስወገድ ያልተቻለውን በመቀበል ነው፤ ማስታገሻ እያለ ከሌላው ሰው ከንፈር መከልከል ግን ትዕግሥት አይባልም። መታገሥ የሕመምተኛው ድርሻ ቢሆን ማሳረፍ የእኛ ድርሻ ነው። ሥቃዩን የኃጢአቱ ቅጣት ነው ብሎ በሕመምተኛው ላይ መፍረድም የኢዮብን ወዳጆች ስሕተት መድገም ነው፤ እግዚአብሔር እነርሱን ገሥጿቸዋልና (ኢዮ. 42፥7)።

ሁለተኛው ጥያቄ የጠበል ነው። ጠበል የጀመሩ አንዳንድ ሕሙማን መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል መስሏቸው ማስታገሻቸውን ያቋርጣሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ጸሎትንና መድኃኒትን አያጣላም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ በጸለየ ጊዜ እግዚአብሔር ዕድሜ ጨመረለት፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ደግሞ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግለት አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምንና ከምድር የሚገኝ መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን፣ ሕመምተኛም ጸልዮ ለሐኪም ስፍራ እንዲሰጥ ያስተምራል (ሲራ. 38፥1-15)። ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቂሣርያ ሕሙማን የሚታከሙበትን ቤት ያሠራው በዚሁ እምነት ነው። በዘመናችንም ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን በይፋ አስረድተው ነበር። ለካንሰር ሥቃይ ማስታገሻም ይኸው ይሠራል።

ሦስተኛው የጾም ጉዳይ ነው። ጾመኛው ሕመምተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምስ ሲቆይ የጠዋቱና የቀትሩ መድኃኒት ያልፈዋል፤ ከሰዓት በኋላ ሥቃዩ ተመልሶ ሲነሣ ለማብረድ ያስቸግራል። ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን ከአቅማቸው በላይ በጾም አታስገድድም። ይህን ለራስ ከመወሰን ይልቅ ለንስሐ አባት “መድኃኒቴ በየአራት ሰዓቱ ነው” ብሎ በግልጥ መንገር ይገባል። ቅዱስ ቍርባን ለመቀበል የሚዘጋጅ ሕመምተኛም አስቀድሞ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይመካከር። አባቶች እንደ ሥርዐቱ ይመሩታል፤ ሐኪሙም በቻለው መጠን ሰዓቱን ያመቻችለታል።

ምን እናድርግ?

በቤት ያለን አስታማሚዎች በየቀኑ እንጠይቅ። “ሥቃይ የለም ዜሮ፣ ከዚህ የባሰ የለም ዐሥር ቢሆን፣ አሁን ስንት ነው?” ብለን ሰዓቱንና መልሱን በወረቀት እንመዝግብ፤ ወደ ሐኪም ስንሄድም ወረቀቱን ይዘን እንቅረብ። ለሐኪሙ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ወረቀት ነው። መድኃኒቱን በታዘዘበት ሰዓት እንስጥ፤ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት አዲስ ማዘዣ እንጠይቅ እንጂ ጠርሙሱ እስኪደርቅ አንጠብቅ። ወደ ገጠር የሚመለስ ሕመምተኛ ካለን ከሆስፒታሉ ከመውጣቱ በፊት ማስታገሻውን በቅርቡ ከየት እንደሚያገኝ እንጠይቅለት።

የንስሐ አባቶች በጉብኝታቸው ጊዜ ስለ ነፍሱ ሲጠይቁ ስለ ሥቃዩም ቢጠይቁ፣ “መድኃኒትህን ውሰድ” የሚለው የአባት ቃል ከብዙ ማስረጃ ይልቅ ይሰማል። በጠበል ስፍራ የሚያገለግሉ ካህናትም ሕሙማን መድኃኒታቸውን ይዘው እንዲመጡ ቢያስተምሩ የብዙዎችን ሌሊት ያቀልላሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የጽዋ ማኅበራት መድኃኒት ከሩቅ የሚያመጣ፣ አስታማሚን ለአንድ ሌሊት የሚያሳርፍ፣ የመጓጓዣ ወጪ የሚሸፍን ሰው መመደብ ይችላሉ። በጤና ሙያ የተሰማራን ምእመናን ደግሞ የማስታገሻ ሕክምናን እንማር፤ በምንሠራበት ተቋም ልዩ የማዘዣ ወረቀቱና መድኃኒቱ እንዲኖር እንጠይቅ።

እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የመጀመሪያውን ዘመናዊ የሆስፒስ ተቋም የከፈተችው ክርስቲያኗ ሐኪም ሲስሊ ሳውንደርስ የሕመምተኛ ሥቃይ አራት ወገን እንዳለው አስተምራለች፤ የሥጋ፣ የአእምሮ፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ ሥቃይ ናቸው። ሞርፊን የሚደርሰው ለመጀመሪያው ነው። ብቸኝነትን፣ ፍርሃትንና የነፍስን ጭንቀት የሚያሳርፉት ጉብኝት፣ ጸሎት፣ ንስሐና ምሥጢራት ናቸው። ነገር ግን ሥጋው በሥቃይ የተያዘ ሰው የምንነግረውን የተስፋ ቃል ለመስማት ይቸገራል። ስለዚህ ወደ ሕሙማን ስንሄድ ቃሉንና መድኃኒቱን አብረን እንያዝ። በመጨረሻው ቀን “ታምሜ ጠይቃችሁኛል” ከሚባሉት ወገን መቆጠር የምንሻ ከሆነ ጥያቄያችን “እንዴት ነህ?” ከሚለው አልፎ “ያምምሃል ወይ? መድኃኒትህን ወሰድህ ወይ?” እስከሚለው ይድረስ።

የነፍስና የሥጋ ባለመድኃኒት የሆነው አምላካችን በደዌ አልጋ ላሉት ወገኖቻችን ዕረፍትን፣ ለአስታማሚዎቻቸውም ብርታትን ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።